ላልወደቀው ቤት የተደረገ ዱዓ

ብርጭቆ የሚሸጥ ሰው ጆሮው የሌላ ሰው ጆሮ አይደለም። ደሴ ፒያሳ ያለችው ሱቄ ከወለል እስከ ኮርኒስ ዕቃ ናት፤ የሻይ ብርጭቆ፣ ሲኒ፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ የውሃ ጆግ። ባጃጅ ሲያልፍ ምንም አይሉም። ሚኒባስ ሲያልፍ ከበሩ አጠገብ ያሉት ብቻ ያጉረመርማሉ። የጫነ አይሱዙ ሲሆን የታችኛው መደርደሪያ ይንጫጫል። ተሳቢ ሲሆን ሁሉም ይንጫጫል፤ ግን በተራ ነው፣ ከመንገዱ ወገን ጀምሮ ወደ ውስጥ። ከዘመን ብዛት ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ መኪናውን ከነጭነቱ እስከ መናገር ደርሼ ነበር። ባለቤቴ ይህንን "በትምህርት ፋንታ ያገኘኸው ዕውቀት" ትለዋለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴትዮ ለልጇ ሰርግ የሻይ ብርጭቆ ልትገዛ መጥታ ስንከራከር ቆይተናል።

"ሻይ ነው እኮ የሚጠጣበት፣ ወርቅ አታስመስለው። ቀንስ በአላህ።"

"እታለም፣ ከዚህ በታች ከቀነስኩ ራቴን ከሰርጉ መጥቼ ነው የምበላው።"

መልስ ልትሰጠኝ አፏን ከፈተች፤ ብርጭቆዎቹ ቀደሟት። በተራ አይደለም። ከፊትም ከኋላም፣ ከላይም ከታችም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኹ። ወደ መንገዱ ዞርኩ። መኪና የለም። አንድ ባጃጅ ቆሞ ሹፌሩ አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አውርዶ መሬቱን ያያል። መኪና ሳይኖር ይህ ሁሉ ድምፅ ከየት መጣ ብዬ ሳልጨርስ ወለሉ ጭነቱን ሊጥል እንደ ፈለገ በቅሎ ጀርባ ተንፈራገጠ።

ሴትዮዋ ብርጭቆዋን እንደታቀፈች ወጣች። እኔ ምን አደረግሁ? እጆቼን ዘርግቼ መደርደሪያውን ደገፍኩ። ቢወድቅ የሚገድለኝን ነገር እንዳይወድቅ አቅፌው ቆምኩ። ነጋዴ ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ከራሴ በላይ ያለው የጆግ ካርቶን ወደ ፊት እየመጣ፣ እየመጣ፣ ጠርዝ ላይ ደርሶ ሲቆም አየሁት። ያን ጊዜ ነው መደርደሪያውን ለቅቄ የወጣሁት።

መንገድ ላይ ስወጣ ግማሹ ሰው "ላ ኢላሃ ኢለላህ"፣ ግማሹ "እግዚኦ" ይላል፤ ድምፁ አንድ ላይ ነው የሚሰማው። በጦሳ ተራራ በኩል አቧራ ተነስቷል። ማንም ወደ ማንም አይሄድም፣ ሁሉም ሰው እግሩን ያያል። ትንሽ ቆይቶ ያቺ ሴትዮ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ብርጭቆዋን እንደታቀፈች ተመለሰች።

"አሁንስ አትቀንስም?" አለችኝ።

ቀነስኩላት። መጠቅለያ ለማምጣት ግን ወደ ውስጥ አልገባሁም፤ ራሷ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

ባለቤቴና ልጆቼ ደህና መሆናቸውን ካየሁ በኋላ ኮምቦልቻ ወዳለችው እናቴ ደወልኩ። ሁሉም ሰው እናቱ ጋ ስለሚደውል ስልኩ አይገባም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይገባም። ሱቁን ዘግቼ ሚኒባስ ያዝኩ።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚጭን ሹፌር ትርፍ ሰው ሳይጭን ሲሄድ አይቼ አላውቅም። በረዳቱ ጉልበት ላይ ሳይቀር ሰው ያስቀምጣሉ። ያን ቀን ሹፌሩ ወንበሩ ሲሞላ በሩን ዘጋና "በቃ" አለ። ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ መንገዱ ዳር ድንጋይ ተንከባሎ ወርዷል፤ አንዱ በግ ያክላል፣ አንዱ በሬ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ ይህ የኃጢአታችን ውጤት ነው ብለው ጀመሩ፤ አንድ ወጣት አፋር በኩል መሬቱ ስለሚለያይ ነው ብሎ ተቀበላቸው።

"ሁለታችሁም ልክ ናችሁ" አለ ሹፌሩ። "አሁን ግን ዝም በሉልኝ። ድንጋይ ሲመጣ መስማት እፈልጋለሁ።"

እስከ ታች ድረስ አንድም ሰው አልተነፈሰም።

እናቴን በራፏ ላይ በርጩማ ይዛ፣ እንደ ሙሽራ እናት "እንኳን ደስ ያለሽ" ስትባል አገኘኋት። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ብቻዋን ማለት ግን እንደ ኮምቦልቻ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ጎረቤት አይጠፋም። ሰፈሩ ውስጥ የሁለት ቤት ጣሪያ ወርዷል፤ የሷ ቤት ቆሟል።

"አልሃምዱሊላህ በል" አለችኝ ገና ሳልስማት። "አባትህ የሠራው ቤት ነው። አንድ ሲኒ እንኳ አልተሰበረም። ግባና እይ።"

ገባሁ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤቱን ሲሠራ ከቦርከና ወንዝ ድንጋይ አስመጥቶ በጭቃ ነው ያስገነባው፤ ሲሚንቶውን ኋላ ላይ ከላይ ለሰነው። ሳሎኑ ውስጥ ያለውን መስታወት ያለው ቡፌ እኔ ነኝ የገዛሁላት፤ ውስጡ የሞላው ዕቃ ሁሉ ከሱቄ የመጣ ነው። እውነትም አንድ ሲኒ አልተሰበረም። ግን የቡፌው በር ተከፍቷል። ዘጋሁት። ተመልሶ ቀስ ብሎ ተከፈተ። እንደገና ዘጋሁት፤ እጄን ሳነሳ ተከተለኝ።

በር በራሱ የሚከፈተው ቡፌው ወደ ፊት ሲያዘነብል ነው። ቡፌው የሚያዘነብለው ደግሞ ከኋላው የሚገፋው ሲኖር ነው። ጉንጬን ከግድግዳው ጋር አጣብቄ ወደ ኋላው አየሁ። ግድግዳው እንደጠገበ ላም ሆድ ተነፍቷል። ልስኑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ እጅ ያስገባል፤ ከውስጡ የደረቀ ጭቃ እንደ ዱቄት ይፈሳል። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ማዶ የእናቴ አልጋ ነው።

"እማ፣ እዚህ ቤት ውስጥ አታድሪም" አልኳት።

"ለምን?"

"ግድግዳው ሊወድቅ ነው።"

"ሊወድቅ ቢሆን ዛሬ አይወድቅም ነበር?"

ይህን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። ያን ሳምንት ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነበር። ትልቁን የቻለ ትንሹን አይፈራም፤ የቆመ ቤት ፈተናውን አለፈ። እኔም ራሴ፣ ያንን የቡፌ በር ባላይ፣ እንዲሁ እል ነበር።

እሷ ግን ከዚህም የባሰ ነገር ነበራት። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የሳሎኑን በር ጉበን ይዛ ነዝር፣ ስለት መሆኑ ነው፣ ገብታለች። "ያ አላህ፣ ይህን ቤት ካቆምክልኝ እዚሁ ውስጥ፣ በዚሁ ሳሎን፣ ሰው ጠርቼ ዱዓ አስደርጋለሁ" ብላለች። ለአርብ ሰፈሩን ሁሉ ጠርታለች። ሸሁን ጠርታለች። የአባቴን ወዳጅ፣ አጥር የሚጋሩንን ቄስ ጠርታለች። የሰደቃው ምግብ የሚቀርብበት ምንጣፍ ሳይቀር ተራግፏል። ወሎ እንዲህ ነን፤ ቤቱ አልወደቀም ብለን ለማመስገን፣ ሊወድቅ ባለው ቤት ውስጥ እስከ በሩ እንሞላበታለን።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ግቢው ውስጥ እንድታድር ለመንኳት፤ እያጉረመረመች እሺ አለች። አልነገርኳትም እንጂ እኔም ከጣሪያ ሥር ለመተኛት ድፍረቱ አልነበረኝም። በማግስቱ ደሴ ተመለስኩ፤ ሱቁ ተዘግቶ አይሰነብትም።

ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ከፍቼ አንድ ባለሙያ ሲናገር ሰማሁ። ዋናው መንቀጥቀጥ ከመጣ በኋላ ተከታዮቹ ይመጣሉ አለ። አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ አንዳንዱ ግን ዋናውን ሊያህል ይችላል። ቀን እየጨመረ ሲሄድ እየተራራቁ ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመጡ ግን ማንም አይናገርም። በዋናው የተጎዳ ግድግዳ በትንሹም ሊወድቅ ይችላልና ከሥሩ ራቁ አለ።

"ይመጣል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን አላውቅም" የሚል አከፋፋይ ሲያጋጥመኝ ደንበኝነቴን አቋርጣለሁ። ከመሬት ጋር ግን ደንበኝነት አይቋረጥም።

ነገሩን በራሴ ቋንቋ ነው የተረዳሁት። መጋዘን ውስጥ ካርቶን ከተደረደረበት ክምር ከታች አንዱን ብትመዝ ክምሩ ወዲያው አይናድም። ያቃስታል። ሸክሙ የመጣበት ካርቶን ይጎብጥና ለጎረቤቱ ያካፍላል። ጎረቤቱ ትንሽ ይችልና እሱም ይጎብጣል። አንተ ሻይህን ጠጥተህ ስትመለስ ከኋላህ ቋ ይላል። ዞረህ ታያለህ፤ ምንም የለም፤ ክምሩ ቆሟል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ቋ። እያንዳንዷ ቋ ክምሩ አዲስ መቀመጫ ሲፈልግ ነው። ያንን ክምር ሳይናድ ያየ አላዋቂ "ይኸው ቆመ" ይላል። በመጋዘን የኖረ ሰው ግን ከሥሩ አይቆምም። ምድሪቱም ከታችዋ አንድ ነገር ተመዞባታል፤ አሁን መቀመጫ እየፈለገች ነው። በላይዋ ያለነው እኛና የአባቴ ግድግዳ ነን።

ከተረዳሁ በኋላ ፍርሃቴ የቀነሰ እንዳይመስላችሁ፤ ባሰብኝ። እመካበት የነበረው ጆሮዬ ጠላቴ ሆነ። አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ከሱቅ እየዘለልኩ እወጣለሁ። ደንበኛ እቃ እያየ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ጎረቤቴ ጨርቅ ሻጩ መጀመሪያ ሳቀብኝ፤ ኋላ እሱም ከእኔ ጋር መዝለል ጀመረ፤ ምን እንደሰማሁ እንኳ አይጠይቀኝም። ግድግዳ መደገፍ ተውኩ። ሰውነቴን ስታጠብ በሩን አልቆልፍም። ተቀምጬ መሬቱ ሲወዛወዝ ይሰማኛል፤ የገዛ ልቤ ምት ነው። እውነተኛዎቹም ይመጣሉ፤ አጭር ናቸው፣ ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ ይቆጣና ዝም ይላል። በእያንዳንዱ ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ የቡፌ በር አሁን ምን ያህል ተከፍቷል?

ሐሙስ ተመልሼ ኮምቦልቻ ወረድኩ። በሩ በደንብ ተከፍቷል።

ከእናቴ ጋር ፊት ለፊት መከራከር ኪሳራ ነው። ግድግዳው ይወድቃል ስላት አባቴን የሰደብኩት ይመስላታል። ሬዲዮው ያለውን ነገርኳት።

"እኔ ሕፃን ሆኜ በንጉሡ ጊዜ በካራቆሬ በኩል ምድር ሲናወጥ እዚህም ተንቀጥቅጧል" አለችኝ። "ሰንብቷል ደግሞ። እናቴ እቤት ውስጥ ነው ያሳደረችን። ያኔ ሬዲዮም አልነበረንም፤ አልሞትንም።"

ስለዚህ ድንኳን አሰብኩ። ደንበኛን ወደ አንድ ዕቃ መግፋት ከንቱ ነው፤ ዕቃውን ፊቱ አስቀምጠህ ዝም ማለት ነው። ድንኳን ግቢው ውስጥ ከተተከለ፣ ምንጣፍ ከተነጠፈ፣ ሰዉ በራሱ እዚያ ይቀመጣል ብዬ ነው። የሰርግ ድንኳን አከራዮቹ ጋ ስሄድ ባዶ ነው፤ ውጭ የሚያድረው ሕዝብ ወስዶ ጨርሶታል። የቀረው የቅሬያችን ድንኳን ነው፤ እንደ እድር መሆኑ ነው፣ ሰው ሲሞት የሚተከለው። አርብ ጠዋት የቅሬውን ዕቃ ያዥ አስነሳሁት።

"ኢና ሊላህ! ማን ሞተ?" አለኝ ቁልፉን እያነሳ።

"ማንም አልሞተም።"

"ታዲያ ድንኳኑ ለምንህ ነው?"

"ማንም እንዳይሞት።"

ቁልፉን መልሶ ሰቀለው። "ደንባችን ለሞተ ነው የሚለው፣ ለሚሞት አይልም።"

"እንግዲያው ነገ ለሁላችንም ትተክለዋለህ።"

ዓይኔን አየና ቁልፉን አወረደ።

ድንኳኑ የቆመው እናቴ ጓዳ ሰደቃ ስታሰናዳ ነው። የመጨረሻውን ካስማ እየመታን ሳለ ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት አየችው። የቅሬው ድንኳን፣ የአሮጊት ግቢ፣ በመንቀጥቀጡ ሳምንት። ሌላ ምን ታስብ? እጇን ራሷ ላይ ጭና ጮኸች። ሁለተኛዋ ሰማች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ የግቢውን በር በርግደው ገቡ። እኔ "ቆዩ! ቆዩ!" ስል ልጇን ሐዘን አሳብዶት ነው ብለው አቅፈው ያለቅሱብኛል።

እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች።

"ማነው የሞተው?" አለች ደንግጣ።

ፊት ለፊቷ የነበረችው ሴት ዘልላ አቀፈቻትና "አንቺ ነሽ እንጂ! አንቺ ነሽ የሞትሽው!" እያለች አንገቷ ላይ ማልቀሷን ቀጠለች። ለመተው ጊዜ ወሰደባት።

ሳቁ ሲበርድ እናቴ ወደኔ ዞረች። እሷ አልሳቀችም።

"በቁሜ ድንኳን ተከልክብኝ?"

"ለሰደቃው ነው፣ እማ። ሰው እዚህ ይቀመጣል።"

"ሰደቃውን የትም ይብሉት። ዱዓው ግን እዚያ ውስጥ ነው። ነዝሩን የገባሁት ለአላህ ነው፣ ላንተ አይደለም።"

ከጁምዓ መልስ ሸሁ መጡ፤ ቄሱም በአጥሩ በር በኩል መጡ። ሁለቱንም ወደ ጎን ወስጄ የቡፌውን በር አሳየኋቸው። ሸሁ ዘጉት፤ ተከፈተ። ቄሱ ዘጉት፤ ተከፈተ።

"ሸህ፣ ቤቱ ሳይገቡ ነዝሩ አይወርድላትም?" አልኳቸው።

ሸሁ የተከፈተውን በር እያዩ መለሱ። "በዚህ ሳሎን ብላ ቆርጣ ተናግራለች። ነፍስ ግን ትቀድማለች። ከሷ ጋር ተስማማ፤ እኔ የተስማማችሁበትን አደርጋለሁ።"

እንግዲህ ገበያ ተቀመጥን። እሷ ሰዉ ሁሉ ካልገባ አለች። እኔ ሸሁ ብቻ አልኩ።

"ሰው እጠራለሁ ነው ያልኩት። ሸሁ አንድ ናቸው።"

"ሸሁና አንቺ።"

"እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ፣ እንግዳ አይደለሁም።"

"ሸሁና እኔ።"

"አንተም ልጅ ነህ። ቄሱ ይግቡ።"

"ኧረ በሌለሁበት አትሽጡኝ!" አሉ ቄሱ ከድንኳኑ ውስጥ። ግን ተነሱ። ለአባቴ ብለው ነው የተነሱት፤ አውቃለሁ።

ሸሁ፣ ቄሱ፣ እሷና እኔ፤ በሩ ክፍት ይሆናል፤ ሌላው ከውጭ አሚን ይላል። በዚህ ተዘጋ።

"ሸህ፣ አጠር ይበል" አልኳቸው ስንገባ በሹክሹክታ።

"ዱዓ እንደ ጨርቅ በክንድ አይለካም፣ ልጄ" አሉኝ፤ ግን ጫማቸውን ሳያወልቁ ነበር የገቡት።

በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲገባ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ከበሩ ራቅ ብሎ፣ ከቡፌው ሥር ያለው መደብ የክብር ቦታ ነው። በሩ ሥር የሚቀመጠው ታናሽ ነው። ያን ቀን ሁለት ሽማግሌዎች የበሩን ሥር ሲሻሙ አየሁ። "እርስዎ ወደ ላይ ይለፉ"፣ "ኧረ በፍጹም፣ እዚሁ ይበቃኛል"። እናቴ ሁለቱንም በትዝብት አየቻቸውና ራሷ ወጥታ ከቡፌው ሥር፣ ከዚያ ሆዱ ከተነፋ ግድግዳ ሥር ተቀመጠች። ወደ ታች ነይ ብላት አትሰማም። ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

የቡፌውን በር ከካርቶን የቀደድኩትን ወረቀት አጥፌ ወትፌበት ነበር። ሸሁ ጀመሩ። ከውጭ "አሚን" ይላሉ። ስለምን እንደሚለምኑ አንዱንም አልሰማሁም። የምሰማው ከኋላዬ ያለውን ነው። ጭቃው ይፈሳል፤ ስስ ድምፅ ነው፣ አይጥ ወረቀት ስትነካ ዓይነት። በኋላ አንገቴ ላይ አንድ ነገር ቆነጠረኝ፤ አሸዋ ነው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ዘርግታለች። መዳፏም ላይ አሸዋ አለ። አላየችውም፤ ወይም እንዳላየች ሆናለች።

ወረቀቱ ወደቀ። በሩ ተከፈተ። ከዚያ ሲኒዎቹ፣ እኔ ራሴ ጠቅልዬ ያመጣኋቸው ሲኒዎች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኹ።

በብብቷ ይዤ አነሳኋት። "ዱዓው አላለቀም!" ትላለች። እግሯ መሬት ሳይነካ ነው ያወጣኋት። በሩ ላይ ሸሁና ቄሱ በአንድ ላይ ደረሱ። ዕድሜ ልካቸውን በር በደረሱ ቁጥር "ይቅደሙ"፣ "አይሆንም እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያን ቀን ማንም ማንንም አላስቀደመም፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው በአንድ ጊዜ ወጡ። ጥምጣም ከሰው እግር ሥር ወድቆ ነበር፤ ሲነሳ ጊዜ የማን እንደሆነ እንኳ ወዲያው አልለዩትም።

ቆመ። መሬቱም ቆመ፤ ግድግዳውም ቆመ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። "ይኸው" አለች። "ይኸው ቆሟል። እነዚህ ሽማግሌዎች አይቀልሉም?"

ሸሁ የቀረውን ድንኳኑ ውስጥ ጨረሱት። እዚያ ላይ ረዘሙ። ድምፃቸው እስኪረጋ ድረስ ነው የረዘሙት መሰለኝ።

ሰደቃው ተበላ፤ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀመረች። እናቴ ምንጣፏን እያጠፈች "ነዝሬ ወርዷል፤ ዛሬ በሰላም አልጋዬ ላይ እተኛለሁ" አለች። ግቢ ውስጥ ያደረችው እኔን ደስ እንዲለኝ እንደሆነ፣ ወገቧም እንደተያዘ ነገረችኝ። ለመንኳት። ተቆጣሁ። ቀለድኩ። የመጨረሻ ዋጋዋን የተናገረች ነጋዴ ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። አልጋዋን በጉልበት ላወጣ ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ሄድኩና ያንን ስስ ድምፅ ስሰማ ወደ ደጅ ተመለስኩ። ለእናቴ አልጋ መግባት አቃተኝ። እሷ ልትተኛበት እኔ ለመግባት የምፈራው ቤት ነው እንግዲህ።

በር ላይ መኪና ቆመ። ጩኸት።

የጠዋቱ ድንኳን ወሬ ከደሴ ወዲያ ያለችው ኩታበር ድረስ ደርሶ ኖሯል። ሞተች የሚለው ስልክ ደርሶ፣ አልሞተችም የሚለው ስልክ አልገባም። የእናቴ ወንድም ልጆችና ሚስቶቻቸው መኪና ተኮናትረው፣ ያን ሁሉ መንገድ እያለቀሱ፣ ገራዶ ላይ ደግሞ ሌላ ዘመድ ጭነው መጡ። "አክስቴ! አክስቴ!" እያሉ ገብተው አክስታቸው ቆማ ሲያዩ አንዷ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አንዱ በንዴት መሳቅ ጀመረ።

"ወላሂ፣ ገና ሐረጎን ስንወርድ ድንጋዩ ሊፈጀን ነበር" አለ ትልቁ። "በሞትሽ ሳይሆን በአልሞትሽ ልናልቅ!"

"አብሽሩ፣ ሌላ ጊዜ እሞትላችኋለሁ" አለችው።

በዚያ ሰዓት መንገዱን መመለስ አይታሰብም። እንግዳ መጥቷል፤ ለሷ ሲል የመጣ እንግዳ። ቤት ውስጥ አስገብታ ልታስተኛቸው ብትል እነሱ አንገባም ብለው ድርቅ አሉ፤ ከኩታበር የመጡት የሁለት ቤት ፍርስራሽ ሲያልፉ አይተዋል። እንግዶቿ ድንኳን ውስጥ ተኝተው እሷ አልጋዋ ላይ ልትተኛ ነው? ይህን ያደረገች ሴት በወሎ ምድር አልተወለደችም። እኔም፣ ሬዲዮውም፣ ግድግዳው ራሱም ያላሳመናትን እንግዳ አሳመናት። ራሷ የድንኳኑን ምንጣፍ ማንጠፍ ጀመረች። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ ደንበኛ እጁን ኪሱ ሲከት ነጋዴ አይናገርም።

ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ነው። የአጎቴ ልጅ ስለ ኩታበር ገብስ ያወራል። የሻይ ብርጭቆዬን ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ እያየሁት ነበር፤ ያኔ የማያይ አልነበረም። ሻዩ ዝም ብሏል። ጆሮዬ ምንም አልሰማም። መሬቱ አልተነቃነቀም፤ በዚህ እምላለሁ፣ ጣት የምታህል መንቀጥቀጥ አልነበረችም።

ግድግዳው ወደቀ።

እንደ ጩኸት አይደለም፤ እንደ ረጅም ትንፋሽ ነው የጀመረው። ከዚያ ድንጋዩ ድንጋዩን እየተከተለ፣ ከዚያ ቡፌው ከነዕቃው፣ ከዚያ ቆርቆሮው ጎንበስ ብሎ አፈሩ ላይ ተኛ። አቧራው በበሩ በኩል ወጥቶ ወደ ድንኳኑ መጥቶ ሸፈነን። ሲገለጥ ሳሎኑን በጓዳው በኩል ማየት ይቻል ነበር። የእናቴ አልጋ አይታይም። አልጋው ባለበት የቦርከና ድንጋይ ነው ያለው፤ አባቴ አንድ በአንድ መርጦ ያመጣው።

ማንም አልጮኸም። በዋዜማው በሐሰት የጮኹት ሴቶች እንኳ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው አዩ። እኔ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ። ላስቆመው አልቻልኩም። እናቴ እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር። ቤቷን አይደለም የምታየው፤ አልጋው የነበረበትን ቦታ ብቻ ነው የምታየው።

ብዙ ቆይቶ የቅሬው ዕቃ ያዥ በአጥሩ በር ብቅ አለ። ወሬ ሰምቶ ሳይሆን ድንኳኑን ሊወስድ ነው የመጣው፤ ለአንድ ቀን ነበር ያልኩት። ፍርስራሹን አየ፤ እኛን በዓይኑ ቆጠረና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ሙሉ ነን።

"እሜቴ፣ ድንኳኑን ልንቀል ወይስ…?" አላት በፍርሃት።

እናቴ መጀመሪያ ወደ ድንጋዩ፣ ኋላ ወደ ድንኳኑ ምሰሶ አየች። እጇን ዘርግታ ምሰሶውን ነካች፤ ይነቃነቅ እንደሆነ ልታይ።

"ይቆይ" አለችው።